በትኩሳት የመጣ ኮከብ

የኦራሊ ፔቲግሩ ልጅ ሦስተኛ ኮከቡን ያገኘው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው።

ቀልድ አይደለም። ቴሪዮን ለሞርሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት፣ ኳስ ታቅፎ የሚሮጠውን ሁሉ እየጠለፈ አፈር ሲያስልስ፣ ተጫዋች እንመዝናለን የሚሉት የኢንተርኔት ሰዎች ከሁለት ኮከብ በላይ አልሰጡትም። በእነሱ ቤት ባለ አምስት ኮከብ ንጉሥ ነው። የባለ ሁለት ኮከብ ስም የሚጻፈው ገጹ ባዶ እንዳይሆን ነው። ኅዳር ላይ ውድድሩ አለቀ። ታኅሣሥ ላይ ልጁን ከባድ ጉንፋን ከነትኩሳቱ ጣለው። ባልዲ አጠገቡ አድርጎ ሲያቃስት የትልቁ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ደወለና «በነፃ እናስተምርሃለን፣ ለእኛ ተጫወት» አለው። መዛኞቹ ይህን ሰምተው በማግስቱ ሦስተኛውን ኮከብ ጨመሩለት። በመሀሉ ቴሪዮን አንድ ሰው አልጣለም፤ ከመኝታ ቤት መጸዳጃ ቤት ድረስ ካልሆነ በቀር አንድ እርምጃም አልሮጠም።

ኦራሊ ያኔ መጠርጠር ነበረባት። አምባዛ ፋብሪካ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የዓሣ ቆዳ ስትገፍፍ የኖረች ሴት ናት። ዓሣውን በክብደት የሚለየው ማሽን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የገዛ ልጇ ሲመዘን ግን ሚዛኑን አመነች። የፋብሪካው ሴቶች «ባለ ሦስት ኮከቡ ልጄ» የሚለውን ሰምተው ሰምተው ጆሯቸው ደነዘዘ።

የታሊስ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሃስኬል ቡን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ታሊስ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን አይታይም። ሰውየው ግን ቴሪዮን አንድም ኮከብ ሳይኖረው ጀምሮ፣ በዝናብም ቢሆን፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ሲያየው የነበረ ብቸኛ አሰልጣኝ ነው። ኦራሊ ግባ እንኳ አላለችውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አሰልጣኝ፣ ልጄ አሁን ባለ ሦስት ኮከብ ነው» አለችው ከበር ላይ።

«እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም፣ ሚስ ኦራሊ። አንድ ትከሻው ተጎድቶ በሌላው ሰው ሲጥል አይቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ቦታው እስከ ፊርማው ቀን ማታ ይጠብቀዋል።»

የኮሌጁን አረንጓዴ ኮፍያ በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ኦራሊም ኮፍያውን የሥራ አደረገችው። ከፀጉር መረቧ በላይ ደፍታው ሁለት ወር ዓሣ ገፈፈችበት።

የካቲት ላይ የፊርማው ቀን ደረሰ። በዚያ አገር ልጅ ኮሌጅ ሲመርጥ እንደ ሰርግ ነው። ጂሙ፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ይሞላል፣ የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል፣ ጠረጴዛ ላይ የኮሌጆች ኮፍያ ይደረደራል። ልጁ የመረጠውን ኮፍያ ያደርግና ይፈርማል፤ ከሥሩ ወላጅ ይፈርማል።

ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የቴሪዮን ስልክ ጮኸ። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ልጁ ኮሪደር ላይ ቆሞ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» ሲል ቆይቶ ዘጋ።

«አንድ ባለ አምስት ኮከብ ልጅ ሐሳቡን ቀይሮ እነሱ ጋ ገባ» አላት። «ለእኔ ቦታ የለም። እስከሚመጣው ዓመት ጥር ጠብቅ፣ ያኔ እናያለን አሉኝ።»

«እናያለን? ላም አለኝ በሰማይ!»

«እማ፣ ዝም ብዬ ቀዩን ኮፍያቸውን ላድርግ። ማንም አያውቅም።»

«የምትፈርመው ወረቀት የታለና? ታሊስ አለልህ አይደል?»

«ታሊስ ከገባሁ ኮከቤን ይነጥቁኛል» አለ ቴሪዮን።

ኦራሊ አፈረች። ይህን ቃል ልጇ አፍ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ለልጇ ያዘነችውን ያህል በራሷ ተናደደች። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አሰልጣኝ፣ ኦራሊ ነኝ። ደጄ ላይ ያቆምኩዎት።»

«ቦታው አለ፣ ሚስ ኦራሊ» አለ ቡን፣ ለመለመን ጊዜ ሳይሰጣት። «ወረቀቱን አሁኑኑ ለጽሕፈት ቤቱ እልካለሁ።»

ኦራሊ ወደ ልጇ ዞረች። «እጅህን ይዤ አላስፈርምህም። ሰውየው ግን ያየህ በዓይኑ ነው። ሌሎቹ የሰው አፍ ነው ያዩት።»

ቴሪዮን ገብቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ቀዩን ኮፍያ አነሳው፤ ጂሙ በጭብጨባ ተናወጠ። እሱ ግን ኮፍያውን ገልብጦ ወደ ዳር አኖረው።

«ታሊስ ኮሌጅ» አለ በማይኩ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ከኮከብ ሰጪዎቹ የተላከው ብራድሊ የሚባል ወጣት ስልኩን እንደደገነ ተነሣ። «ቴሪዮን፣ ይሄ ደረጃህን እንደሚያወርደው ታውቃለህ?»

ማይኩን ኦራሊ ወሰደችው።

«ብራድሊ፣ ልጄ ሲጫወት ሜዳ መጥተህ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ሜዳ እንኳን... ቪዲዮውን—»

«ሦስተኛውን ኮከብ የሰጣችሁት ሳምንት የት እንደነበረስ?»

ብራድሊ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«አልጋው ላይ፣ ባልዲ ታቅፎ። ምን ሲያደርግ አይታችሁ ነው የሰጣችሁት? ሲያስታውክ?»

ጂሙ በሳቅ አበደ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ሌሎቹንም ጨምራችሁ ውሰዱ። ስትሰጡም አላያችሁትም፤ ስትወስዱም አታዩትም።»

ፎቶ አንሺው ኮፍያ የታለ አለ። ያለ ኮፍያ ፎቶ አይነሳም። ኦራሊ ወጥታ መኪናዋ ወንበር ላይ የጣለችውን አረንጓዴ ኮፍያ ይዛ መጣች፤ ጫፉ ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቆበታል።

«እማ፣ ይሸታል እኮ።»

«ያሳደገህ ሽታ ነው። አድርገው።»

አደረገው። ፈረመ። ከሥሩ እሷ ሙሉ ስሟን፣ የአባቷን ጨምራ፣ ሳትቸኩል ጻፈች።

ቀኑ ሳይመሽ ኮከቡን ወሰዱት። ቴሪዮን እራት ላይ ስልኩን ከፍቶ ለእናቱ አሳያት። ኦራሊ ስልኩን ገፋ አድርጋ መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።

«ትኩሳቱ ለቀቀህ» አለችው።