የዳኛው ልጅ ሸሚዝ

ባሌ ሸሚዙን የሚተኩሰው ራሱ ነው። ጎረቤቶቼ «ታድለሽ!» እያሉ ይቀኑብኛል። ካውያችን በራሱ ውሃ የሚረጭ ዘመናዊ ነው፤ እሱ ግን የማየው ሳይመስለው ውሃ ይጎነጭና በአፉ እፍ ይልበታል። አንድ ቀን ደርሼበት በሳቅ ስፈርስ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። «የዳኛ ልጅ ነኝ፣ አባት እናቴ በልጅነቴ ሞተው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት» ይል ነበር። የጨዋ ልጅ ኩራት ነው ብዬ ተውኩት።

ሰፈራችን ድሮ የቆርቆሮ ሰፈር ነበር። ዛሬ ፎቅና ባለመስታወት ካፌ ወርሶታል፤ የቀረችው ቆርቆሮ ቤት «ካውያዋ» የምንላት ሴት ቤት ብቻ ናት። መንገዱ አፍ ላይ ገመድ ዘርግታ የሰው ልብስ እያጠበች ትተኩሳለች፤ ስሙም ከዚያው ወጣላት። የነዋሪዎች ኮሚቴ መግቢያችንን አበላሸች ብሎ እንድትነሳ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ማን ነው? የእኔው ጌታ። የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ሕግና ንጽሕና ሲናገር አፍ የሚያስከፍት። ከነዋሪው አንድ ሰው «ዘመዴ ናት» ብሎ ከቆመላት እዚሁ ምትክ ክፍል ታገኛለች። ካልሆነ ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ ትጣላለች፤ እዚያ ውሃም የለ፣ ልብስ የሚያሳጥብም የለ።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያልኩ ተማሪ የማስተምር ሴት ነኝ። ዘመድ እንዳላት ልጠይቃት ሄድኩ። ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ውሃ ተጎነጨች፣ አገጯን ወደ ግራ ሰበር አድርጋ ሸሚዙ ላይ እፍ አለች፣ የከሰል ካውያዋን አሳረፈች። ቁርጥ ባሌን! ይሄ የስንቱ ሰው ልማድ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ስል፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ኮሌታውን አሁንም ከውስጥ በኩል ነው የሚጀምረው?»

«ማን?»

«ባልሽ ነዋ።»

ታላቅ እህቱ ነበሩ። እስከዚያች ሰዓት አንቺ ስላት የኖርኳትን ሴት እትዬ፣ እርስዎ አልኳቸው። እናታቸው ስትሞት እሱን በጀርባቸው አዝለው፣ የሰው እድፍ አጥበው አስተማሩት። ለካ እዚህ ሰፈር ቤት እንግዛ ብዬ ስወተውተው ያንገራገረው ወዶ አልነበረም። በመኪና በደጃቸው ሲያልፍ መስታወቱን ይዘጋል አሉኝ። ደሜ ፈላ። እሳቸው ጭራሽ ሳቁብኝ።

«ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ልጄ። የዳኛ ልጅ ነኝ ካለ የዳኛ ልጅ ነው። ለዚሁ አይደል የለፋሁት?»

ቤት ገብቼ አፋጠጥኩት። አልካደም። ጎረቤት ፊት፣ ባንኩ ውስጥ፣ ልጆቹ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ አለኝ። ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አለ። ቀስ ብሎ! ግሬደሩ ደጃቸው ቆሞ!

ስብሰባው ላይ ብድግ አልኩ። እውነት ሰውን ያሳፍረዋል እንጂ አይጎዳውም ብዬ አምን ነበር። እትዬ የሊቀመንበሩ ታላቅ እህት መሆናቸውን ተናገርኩ። ባሌ ብዕሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጸሐፊው፣ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት፣ ጉዳያቸው ስለሚታይ ከኋላ ወደ ተቀመጡት እትዬ ዞሮ እሳቸውኑ ጠየቃቸው።

እትዬ ተነሱ። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ባሌን አዩት፤ አንገቱን ደፍቷል።

«አላውቀውም» አሉ። «ወንድም የለኝም። ዘመድ የሚባልም አልፈጠረልኝ።»

ጸሐፊው መዘገበ። በገዛ አንደበታቸው ዘመድ የለሽ ሆኑ፤ ከእንግዲህ ባሌ ልቡ ቢራራ እንኳ ማን ያምነዋል? ያቺን የቀረች በር የዘጋኋት እኔ ነኝ፣ በእውነቴ። ሰዉ እኔን በሐዘኔታ እያየ እሱን «አይዞህ» አለው። እሱም አመሰገናቸው።

ቆርቆሮዋ በማግስቱ ፈረሰች። የጭነት መኪናው ላይ ሲወጡ ሮጬ ደረስኩባቸው። ይቅርታ ልላቸው ብዬ ጓዛቸውን ማቀበል ያዝኩ። አልተቀየሙኝም፤ አንጀቴን የቆረጠውም ይኸው ነው። ነጭ ሸሚዝ ላይ ካውያውን እንዳያቆይ ንገሪው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያቃጥላል፣ ብለውኝ ሄዱ።

አሁን ቦታው ላይ ባለመስታወት ላውንደሪ ተከፍቷል። ባሌ መተኮስ ትቶ ሸሚዙን እዚያ ይሰጣል። ጠዋት ሲለብስ ኮሌታውን ከውስጥ በኩል ይዳብሰዋል። ስለ እትዬ አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ቆይቼ እኔም ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ።