እንግዳዋ ጥያቄ አላቸው

«ስምዎ ማን ይባላል? ከየት አገር ነው የመጡት?» አለች ምራት፣ የእንጨት ማማሰያውን እንደ ማይክራፎን ወደ አማቷ አፍ አስጠግታ።

እትዬ መኪና የልጃቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው፣ አንገታቸው ላይ የጉባኤ ባጅ አንጠልጥለው፣ ሶፋው ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተር ነኝ» አሉ ድምፃቸውን አወፍረው። «የጥርስ ዶክተር። አገሬ ሩቅ ነው፤ ብነግርሽም አታውቂው።»

ምራት ሳቋን ዋጥ አደረገች። የጥርስ ዶክተሯ ከፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምራት የምትሠራው ስብሰባና ጉባኤ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። የፊታችን ሰኞ ከየአገሩ ለሚመጡ የጥርስ ሐኪሞች ስለ ከተማው ገለጻ ትሰጣለች፤ ታክሲ እንዴት እንደሚያዝ፣ ገንዘብ የት እንደሚመነዘር፣ ምን እንደሚጠጣ፣ ወዴት እንደማይኬድ። ገለጻውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። የሚያስፈራት ጥያቄው ነው። አንድ ሰው እጁን ካወጣ ምላሷ ይተሳሰራል። አለቃዋም ይህንን ስለሚያውቅ «ሰፈርሽ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ጠያቂ ፈልጊና ተለማመጂ» ብሏታል። ሰፈር መዞር አላስፈለጋትም። አስቸጋሪዋ ጠያቂ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ ያለ ሥራ ተቀምጠው ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተር» ብላ ቀጠለች። «በቆይታዎ የታሸገ ውሃ ብቻ እንዲጠጡ እንመክራለን።»

እትዬ መኪና እጃቸውን አወጡ። «የቧንቧችሁ ውሃ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ እናንተ ምንድን ነው የምትጠጡት?»

«እኛማ... የቧንቧ።»

«አትታመሙም?»

«ለምደነዋላ!»

«እንግዲያው እኔስ ሳልጠጣው እንዴት አድርጌ ልልመደው?»

ምራት ወረቀቷን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። «እማማ፣ እንዲህ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አለች ከጨዋታው ወጥታ።

«እኔ ምን አውቄ? እኔ እንግዳ ነኝ» አሉ እትዬ መኪና መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «በይ ቀጥዪ።»

«ታክሲ ከመሳፈርዎ በፊት በዋጋው ይስማሙ።»

«ቋንቋ አልችልም።»

«በጣትዎ ያሳዩታል።»

«እኔ ሁለት ጣት ሳሳየው እሱ አምስት ካሳየኝስ?»

«ያኔ... ያኔ ይወርዳሉ።»

«መች ተሳፈርኩና ነው የምወርደው?»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ መኪና ግን ከሳቁ በላይ ደስ ያላቸው ሌላ ነገር ነበር። ወደዚህ ቤት ከመጡ ወዲህ አንድ ሰው አፋቸውን እያየ ምን ይሉ ይሆን ብሎ ሲጠብቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እትዬ መኪና የሚለው ስም የወጣላቸው በስፌት መኪናቸው ነው። በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ መንገድ ዳር ላይ ስፌት ቤት አላቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ዩኒፎርሙን የለበሰው ከሳቸው እጅ ነው። ወደ ልጃቸው ቤት የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ተብሎ። የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ፣ ዓይናቸውም በራ። በበራው ዓይናቸው መጀመሪያ አጥርተው ያዩት ነገር ልጃቸው ሊለቃቸው እንዳላሰበ ነው። ይኸው ሦስተኛ ወራቸውን ያዙ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ደግሞ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ዓመቱን ሙሉ የሚያድሩበት ሥራ የሚመጣው አሁን ነው፤ አሁን ካልደረሱ ደንበኛው ሁሉ ማዶ ላለው፣ ኪስ ገልብጦ ለሚሰፋው ሰውዬ ሊሆን ነው።

«ልሂድ» ለማለት አልሞከሩም አይባልም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሲያነሱት ልጃቸው ብርጭቆውን አስቀምጦ «ምን ጎደለብሽ?» አላቸው። ምንም አልጎደለባቸውም፤ መልስ ያጡትም ለዚያ ነው። ሌላ ቀን ለምራታቸው ነካ ቢያደርጉላት «ምን አስቀየምኩዎት እማማ?» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ሲያባብሏት ዋሉ። በመጨረሻ ልብሳቸውን በፌስታል ሸክፈው በር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ፌስታሉን አየ፣ ልብስ ማስቀመጫ ያጡ መሰለው፣ በማግስቱ ቁም ሳጥን ገዛላቸው።

ብቻቸውን ወጣ ብለው እንዳይናፈሱ እንኳ ልጃቸው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የሌላ ሰው ልጅ እናቱን እስከ ጥግ ሱቅ ይለቅ ይሆናል። እሱ ግን «እማዬ፣ እዚህ መንገድ ላይ የሚነዱትን ሰዎች እኮ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አውቃቸዋለሁ» ይላል። ይህን ሲል ማንም አይከራከረውም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም «ዛሬ በተአምር ተረፍኩ!» እያለ ገባ። «ፍሬን ያዢ ስላት ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፣ እኔ በእጅ ፍሬን እታገላለሁ።» ከዚያ እናቱን በገዛ መነጽሩ ውስጥ ሲያያቸው ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዶክተር ናቸው፤ ለጉባኤው ነው የመጡት» አለች ሚስቱ። «ና ቁጭ በል፤ አንተ ሊቀመንበሩ ነህ።»

ሹመት የሚጠላ ሰው አይደለም። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ ከእናቱ ፊት ለፊት ተቀመጠና «ክቡራንና ክቡራት፣ መንገድ አትሻገሩ» አለ።

«በዜብራ ተሻገሩ ነው የሚባለው።»

«ዜብራ ለነሱ ጌጥ ነው! ከነጭራሹ አትሻገሩ በያቸው።»

«አዳራሹ እኮ ከሆቴሉ ማዶ ነው።»

«ይቅርባቸዋ!»

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። እትዬ መኪና መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉና መልሰው ሲያደርጉት ሐሳቡ መጣላቸው። ሊቀመንበሩ ከፊታቸው ተቀምጧል። የመናገር ተራው የእንግዳዋ ነው። እናትየው መናገር ያቃታቸውን ዶክተሯ ቢናገሩትስ? ዶክተሯ ማንን ይፈራሉ? እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ይቀጥሉ ዶክተር።»

«ጉባኤው የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ።»

«ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅማ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ።»

«ሊቀመንበሩ እምቢ ቢልስ?»

ምራት ጨዋታው ስለመሰላት ፈገግ አለች። «ለምን እምቢ ይላል?»

«ስለሚወደኝ» አሉ እትዬ መኪና። «ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዳትቀየሚው። ያበላኛል፣ ያጠጣኛል፣ አሳክሞኛል፣ ቁም ሳጥን ሳይቀር ገዝቶልኛል። ልሂድ ስለው ግን ምን ጎደለብሽ ይለኛል። አገሬ ላይ ክሊኒክ አለኝ። በሽተኞቼ አፋቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነው። ማዶ ያለው ጥርስ ነቃይ ደግሞ አንድ በአንድ እየወሰደብኝ ነው፤ እሱ እንደሆነ የታመመውን ትቶ ደህናውን የሚነቅል ሰው ነው።»

ልጃቸው ከወንበሩ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ጉባኤው ሦስተኛ ወሩ እኮ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውሃ ልቅዳ ስል ቁጭ በይ። ቤት ልጥረግ ስል ቁጭ በይ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የማያልቅ ስብሰባ ላይ ነው ያለሁት፤ መቀመጫዬ ደነዘዘ።»

«እማዬ...» አለ ልጃቸው።

«እማዬ አትበለኝ፤ ዶክተር ነኝ።» እማዬ ከተባሉ ዝም እንደሚሉ ያውቁታል።

ልጃቸው ወደ ሚስቱ ዞረ። «እስቲ መልሺላታ! ጠያቂ ስትፈልጊ አልነበር?»

ምራት ወረቀቷን አየች። ወረቀቱ ስለ ታክሲና ስለ ሶኬት እንጂ ስለዚህ የሚለው ነገር የለውም። ወደ ባሏ አየች፤ ባሏ ቅንድቡን ሰቅሎ ይጠብቃል። ወደ አማቷ አየች፤ መነጽሩ ሰፍቷቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ከበላዩ ያፈጠጡት ዓይኖች የዶክተር አልነበሩም። እትዬ መኪና ልጅቷ አሳዘነቻቸው፤ ጥያቄውን ልተወው ይሆን ብለው ነበር። ምራት ግን ማማሰያውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ» አለች። «እንግዶቻችን በፈለጉት ቀን መሄድ ይችላሉ። ሊቀመንበሩን ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይጠበቅባቸውም።»

«ይሄ ወረቀቱ ላይ አለ?» አለ ባሏ።

«የለም። አሁን ጨመርኩት።»

ልጃቸው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ።

«ከጎረቤት ነው የሰማሁት» አለ ወደ ውጭ እያየ። «ዓይንሽ እንደደከመ። መርፌ ጣትሽ ውስጥ ተሰብሮ እንደነበር። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ ደህና ነኝ ትይኛለሽ። አሁን ሄደሽ ደህና ነኝ ብትይኝ በምኑ አምንሻለሁ?»

እትዬ መኪና መነጽሩን አወለቁ። እስከ ዛሬ ልጃቸው የያዛቸው በፍቅር ብዛት ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ፈርቶ ኖሯል። በዚያች ቅጽበት «ተወው፣ እኖራለሁ» ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ነገር ግን ካሉ ደግሞ ዳግመኛ አፋቸውን እንደማይከፍቱ ገባቸው።

«ዋሽቼሃለሁ» አሉ። «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ጥፋቴ ነው። ግን እሄዳለሁ።» ተነስተው ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው መፈለግ ጀመሩ። «ትኬት መቁረጫው መንገዱን ተሻግሮ ነው። አሁኑኑ ሄጄ እቆርጣለሁ።»

«ቆይ፣ በመኪና ላድርስሽ።»

«መንገድ ለመሻገር በመኪና?»

ባጁ አንገታቸው ላይ እንዳለ ወጡ። ልጃቸው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተከተላቸው፤ ከዚያ ወዲያ እንዳያልፍ ምራት ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችው። «ግራ እዪ! ቀኝ እዪ! እንደገና ግራ!» እያለ ሲጮህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ግራ ቀኝ ማየት ጀመረ። በዚህ መሃል ሌላ አስተማሪ የተቀመጠባት የለማጅ መኪና ብቅ አለች። መሪውን የያዘው ጎልማሳ የወትሮ አስተማሪውን ጠርዝ ላይ ሲጮህ ሲያየው በሱ ላይ የጮኸ መስሎት ደነገጠ፤ ሞተሩ መንገዱ መሃል ላይ ጠፋ። ከኋላው አውቶብስ ቆመ፣ ከአውቶብሱ ኋላ ሌላው ሁሉ ቆመ፣ ጡሩንባው ቀለጠ። እትዬ መኪና በቆመው መኪና ሁሉ ፊት፣ እንደ ክብር እንግዳ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ፣ ቀስ ብለው ተሻገሩ።

የትኬት ሻጯ ከመስኮቱ ጀርባ አንገቷን አስግጋ ነበር፤ መንገዱ ላይ ምን እንደተፈጠረ ለማየት።

«ለመቼ ነው እናቴ?»

«ለማክሰኞ» አሉ። ሰኞ ምራታቸው ከገለጻው ስትመለስ ቤት ሆነው ሊጠብቋት ፈልገዋል።

«መሄጃ ብቻ ነው ደርሶ መልስ?»

ሲሻገሩ ያሰቡት መሄጃ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ያወሩት ለመሄድ እንጂ ለመመለስ አልነበረም። ዞር ብለው አዩ። መንገዱ ገና አልተከፈተም፤ ልጃቸው እዚያው ጠርዝ ላይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ፣ ጡሩንባውንም ለማጁንም ረስቶ፣ እሳቸውን ብቻ ያያል። ሃያ ስምንት ቁጥር ጫማ የሚያደርግ ሕፃን በነበረ ጊዜ ከትምህርት ቤት በር ላይ ሲለዩት እንዲሁ ነበር የሚያያቸው።

«ደርሶ መልስ አድርጊው» አሉ።

«መመለሻው ቀኑ ካልታወቀ ክፍት ልተወው?»

«አይሆንም፤ ክፍት አትተዪው። ትምህርት ቤት የተከፈተ ወር መጨረሻ፣ ቅዳሜ።» ገንዘባቸውን በመስኮቱ አሾልከው ሰጧትና ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። «ቀኑን በትልቁ ጻፊው፤ የሚያነበው ማዶ ነው ያለው።»