የመነኩሴው ሚስት

አይዳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምዕራባውያንን ሃይማኖቶች ታሪክ መማር ስትጀምር፣ እናቷ ወይዘሮ ምሥራቅ ለቁስቋም ጎረቤቶቻቸው «አካውንቲንግ ነው የምትማረው» አሉ። አይዳ ግን የምታጠናው ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቷ «ሉተር» የሚለውን ስም ከጓዳ ሆነው ደጋግመው ሰሙና ነጠላቸውን ጣል አድርገው የነፍስ አባታቸውን ሊጠሩ ወጡ።

መምሬ ስብሐት መጡ። አይዳን መስቀል አሳለሟትና ተቀመጡ።

«ልትክጂ ነው አሉ።»

«ኧረ አባ፣ ፈተና ላይ ሆኜ ነው።»

«እሱንማ እናትሽ ነገረችኝ።»

«የትምህርት ፈተና ማለቴ ነው። ስለ ሉተር።»

«ይኸው!» አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ።

መምሬ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «ምን አደረገ ሰውዬው?»

አይዳ ነገረቻቸው። ጀርመናዊ መነኩሴ ነበር፤ ገንዘብ ለሰጠ የኃጢአቱ ቅጣት ይቀልለታል መባሉን ተቃወመ፤ ተወገዘ። መምሬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ከዚያስ?»

«አገባ።»

«መነኩሴው?»

«አዎ። መነኩሲት።»

ወይዘሮ ምሥራቅ አማተቡ። መምሬ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«እሷስ ከገዳም እንዴት ወጣች?»

«ከጓደኞቿ ጋር የዓሣ በርሜል በጫነ ጋሪ ተደብቀው ነው ይባላል። በፋሲካ ዋዜማ።»

«ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሚያድርበት ሌሊት!» አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ።

መምሬ ትንሽ አሰቡ። «ለዚያ ነዋ ያልተያዙት።»

ሊሄዱ ሲነሱ ለእናትየዋ «አልካደችም» አሏቸው። «ግን በለሆሳስ ታንብብ፤ ጎረቤት አለ።»

ወይዘሮ ምሥራቅ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ወደ ጓዳ አልገቡም። ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ሴትዮዋ ግን፣ ኋላ ኑሮዋ እንዴት ሆነ?»

«ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነበረች። ከብት ታረባለች፣ ቢራ ትጠምቃለች፣ እንግዳው ደግሞ አያልቅም።»

«ባልየውስ?»

«ይጽፋል።»

«እሱማ ይጽፋል» አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ።

የፈተናው ዕለት በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ስለ ሴትዮዋ ጠየቋችሁ?»

«አልጠየቁንም።»

«ምንም?»

«ስሟም አልተነሳም።»

ወይዘሮ ምሥራቅ አስተማሪውን ክፉኛ ተቀየሙት። ቆይቶ ውጤት መጣና አይዳ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች። እናቷ ግንባሯን ስመው «እሷን ቢጠይቁሽ ኖሮ አንደኛ ነበርሽ» አሏት።