ስታክ ያደረገ ሳቅ

እኔ ያየሁትን ዘገምተኛ ስልክ ማንም አላየም። አንድ የሳጉሬ ገበሬ ለሠርጉ ሊጠራኝ ደወለልኝ፤ የኔ ስልክ ሲጮህ ሙሽራዋ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ገበያ ትወርድ ነበር። ውሸት ካልክ ሳጉሬ ሂድና ጠይቅ። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ከኔ በላይም ሳይማር አይቀርም፣ እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ አንዴም አልጨረስኩትም።

ይህችን ወሬ ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ አወራታለሁ። አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የሚጠግን ሰው ወሬ ከሌለው አለቀለት። ደንበኛው ስልኩ እስኪነሳ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሆድ ይብሰዋል፤ ሆድ ከባሰው ደግሞ የዓለሙን ጥፋት በኔ ላይ ይጭናል። ያን ቀን ግን ወሬውም ታከተኝ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። የሚመጣው ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ርካሽ ስልክ፣ አንድ ዓይነት በሽታ፦ «ይዘገያል።»

እትዬ ውድነሽ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ነጠላቸው ርሶ ገቡ። ከመናኸሪያው ጀርባ ጎረቤቴ ናቸው።

«ኤቢሳ፣ ይኼ ስልክ ልቡ ሞተ። ስነካው ያስባል፣ ያስባል፣ አስቦ አስቦ ይተኛል።»

«አርጅቶ ይሆናል እትዬ።»

«አምና ተገዝቶ ምኑ ያረጃል! ቀልድህን ተውና ስማኝ። አስር ሰዓት ላይ ካልሠራ ወንድም የለኝም።»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወንድማቸው ጋሽ እንደሻው አቦምሳ ነው የሚኖሩት። ሚስታቸው ሮሐ ስትሞት፣ እኛ አገር መርዶ በስልክ ስለማይነገር፣ ጎረቤቶቻቸው ለእትዬ ውድነሽ በቴሌግራም «ሮሐ አሟታል፣ ቶሎ ነይ» ብለው ላኩ። ስልኩ ያንን መልእክት ዋጠው። ሲተፋው ሮሐ ተቀብራ ነበር። እትዬ ውድነሽ ደግሞ ምን ያውቃሉ፣ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ሰሞኑን መጥቼ እጠይቅሻለሁ» ብለው መለሱ። መልሱ ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ ተነበበ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ እንደሻው በራቸውን ዘጉ። እትዬ ውድነሽ «ስልኬ ዘግይቶብኝ ነው» ቢሉም ማን ይሰማል? ለቅሶ የቀረ ሰው የማያመጣው ምክንያት የለም፤ ይህችኛዋን ግን እኔ እንኳ ለመዋሸት አልመርጣትም።

የአቦምሳ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ሲለምኑ ከርመው፣ ጋሽ እንደሻው በመጨረሻ «ፊቷን ልየው። አይን አይኔን እያየች ትንገረኝ፤ ካመንኳት ትምጣ፣ ካላመንኳት ግን ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሱብኝ» አሉ። በአስር ሰዓት በጎረቤታቸው በፍሰሐ ስልክ በቪዲዮ ሊያገናኟቸው ተቀጣጥረዋል።

ስልኩን ከፈትኩት። ሜሞሪው አፉ ድረስ ሞልቷል። በየቀኑ የሚላኩ የቅዱሳን ሥዕሎች ናቸው። በየወሩ የሚካኤል፣ የገብርኤል፣ የማርያም። ጊዮርጊስማ ከነፈረሱ ግማሹን ቦታ ይዞታል።

«እትዬ፣ እነዚህን ካላጠፋናቸው ስልኩ አይተነፍስም።»

«ምን አልክ? ሚካኤልን ላጥፋ? ኃጢአቱን አንተ ትሸከምልኛለህ?»

«እሺ፣ ይኼ ሁሉ የመዝሙር ቪዲዮስ? የእርስዎ አይመስለኝም።»

«የፈናን ነው። ጴንጤዋ ጎረቤቴ በየጠዋቱ ትልክልኛለች። የጎረቤት ሰላምታ ይጠፋል?»

ምን አደርጋለሁ? ሜሞሪ ካርድ ከተትኩና ሥዕሎቹን ወደዚያ አዛውር ጀመር። እሱም እንደ ጋሪ ይንፏቀቃል። የተከፈተውን አፕ ሁሉ ዘጋሁ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ መብራት ሄደ፣ በባትሪ ቀጠልኩ። ገና እኩሌታው ሳይሻገር አስር ሰዓት ሆነ።

«ደውልልኝ» አሉ።

ደወልኩና ስልኩን ፊት ለፊታቸው አቆምኩት። ስክሪኑ «እየጠራ ነው» ይላል። ቆየ። አሁንም «እየጠራ ነው።» ከንፈራቸው ሲደርቅ አየሁና አንጀቴ አልችል አለ፤ እኔ ደግሞ ከወሬ በቀር ሌላ መድኃኒት አላውቅም።

«እትዬ፣ አርቦዬ ውስጥ አንድ ሰውዬ ስልኩ ቢዘገይበት ከበሬ ጋር ጠመደው።»

«ወግድ! ስልክ ይጠመዳል?»

«አንዱን በሬ ፈትቶ ስልኩን ቀንበር ላይ አሰረው። የቀረው በሬ ዞር ብሎ አየውና፣ ከዚህ ቀርፋፋ ጋርስ ስሜን አላስጠፋም ብሎ ትልሙ ላይ ተኛ።»

እትዬ ውድነሽ ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። ያ ሁሉ የሰነበተ ጭንቀት ባንዴ ፈንድቶ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ የወለቀው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«ትስቃለች!» አለ የወንድ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ።

ሁለታችንም ደረቅን። ስክሪኑ አሁንም «እየጠራ ነው» ይላል። ለካ እዚያ ማዶ ከተነሳ ቆይቷል፤ የኛ ስልክ ነው ገና ያልነቃው።

«እንደሻው! እንደሻው ወንድሜ!» መልስ የለም። ስልኩ ስታክ አደረገ። ብነካው፣ ብጫነው፣ ድንጋይ ሆነ።

እትዬ ውድነሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አለቀ» አሉ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«ቁጥራቸውን በቃልዎ ያውቁታል?»

«የእሱን? እንዴት አላውቅ!»

በራሴ ስልክ ደወልኩና ስፒከሩን ከፈትኩት። የጋሽ እንደሻውን ስልክ ያነሱት ኦቦ ሁሴኖ የሚባሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው።

«ማነህ?»

«ስልክ ጠጋኙ ነኝ፣ ከአሰላ። ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ አባቴ፤ እሳቸው ገና እየጠራ ነው ብለው—»

«ምን እየጠራ! ይኸው አሁንም በፍሰሐ ስልክ ላይ እያየናት ነው፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። በሐዘንተኛ ላይ! አታፍርም?»

እትዬ ውድነሽ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። ለቅሶው ቀደማቸው፤ «ሮሐዬ፣ እህቴ፣ አፈር ሳላለብስሽ» እያሉ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሊያለቅሱት የሚገባውን ለቅሶ እኔ ሱቅ ውስጥ አለቀሱት። በር ላይ ዝናብ የተጠለሉት ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ ከማዶ ሌላ፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ውድነሽ?»

«አቤት እንደሻው።»

«አሁን የምታለቅሺው አንቺ ነሽ?»

«ማን ይሁን ብለህ ነው?»

«ፍሰሐ ስልኩን እፊቴ ይዞልኛል። እዚህ ላይ ትስቂያለሽ። ጆሮዬ ላይ ታለቅሻለሽ።» ትንፋሻቸው ይሰማል። «ያን ጊዜም... ያ እግዜር ይማርሽ ያልሽው...»

«መታመሟን ስሰማ ነው የጻፍኩት። መቼም በድኗ ላይ አልቀልድም።»

«ኦቦ ሁሴኖ፣ ይዩልኝማ» ሲሉ ጋሽ እንደሻውን ሰማኋቸው። «ይዩት፣ እስካሁን ሳቋን አላቆመችም።»

«አየሁ» አሉ ኦቦ ሁሴኖ፤ ቁጣቸው በርዶ ነበር። «የሳቀችውስ ሳቅ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ፤ እንባዋ ግን የአሁን ነው።»

ጋሽ እንደሻው «እኔ በስልክ ይቅር ማለት አልችልበትም» አሉ።

እትዬ ውድነሽ አይናቸውን ጨፈኑ።

«ነይና ቤቷ ገብተሽ አልቅሽላት። እኔም ብቻዬን አልቅሼ ደከመኝ።»

«በሩን ትከፍትልኛለህ?»

«ነይ አልኩሽ እኮ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ጣል ባደርግ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ። ሱቁን ዘጋሁና ክንዳቸውን ደግፌ በጭቃው ውስጥ ወደ መናኸሪያ ወረድን፣ የአቦምሳ መኪና ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ልንጠይቅ።