አሥራ አንድ በመቶ

የድንጋይ ከሰሉን ያወጣነው በነሐሴ ነው፤ ከቀየት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ገደል፣ ከእትዬ ለተሥላሴ ማሳ ግርጌ። የምሠራበት ድርጅት ከሰሉን መጀመሪያ ወደ ጋዝ፣ ከዚያ ወደ ናፍጣ ለመለወጥ አስቧል። በሦስት ቦታ ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ ፋብሪካው ከሦስቱ በአንዱ ይተከላል። የእኔ ሥራ ናሙና አምጥቶ በውስጡ ያለውን ውሃ መለካት ነው። ከሰሉ እርጥብ ከሆነ ናፍጣ ከመሆኑ በፊት ውሃውን ለማትነን ብቻ ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ አያዋጣም። ስለዚህ ናሙናው ከመሬት እንደወጣ በላስቲክ ይታሰራል፤ እስኪለካም አይፈታም።

ስድስት ከረጢት አስሬ ጠዋት እትዬ ለተሥላሴ ቤት አስቀመጥሁና ለቀሪው ሥራ ወደ ገደሉ ወረድሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከረጢቶቹ ግድግዳው ሥር እንደ ተደረደሩ ናቸው። ቋጠሮው ግን የእኔ አልመሰለኝም፤ እህል የሚቋጠርበት ዓይነት ነበር። አየሁት። ጠዋት እጄ በብርድ ደንዝዞ ስለነበር እኔው ራሴ እንደዚያ አስሬው ይሆናል አልሁ። ከቆፋሪዎቹ ጋር ተሸክመን ወጣን።

ደብረ ብርሃን ስለካው አሥራ አንድ በመቶ አለ። የሌሎቹ ሁለት ጉድጓዶች ሠላሳ አራትና ሠላሳ ስድስት ነበር። ደግሜ ለካሁ። አሥራ አንድ። አለቃዬ አቶ ወሰኔ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበው።

«እሌኒ፣ ያንቺው ጉድጓድ ጉድ አፈላ» አለኝ።

በኅዳር፣ ቦታው ለፋብሪካው ተመርጦ፣ የእትዬ ለተሥላሴን ቤት ለካሳ ልንለካ ሄድን። ገብሱ ገና ታጭዶ ማሳው ላይ ተከምሯል። እሳቸው ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። ቤቱ እንደሚነሣ ቀበሌው ቀደም ብሎ ነግሯቸዋል።

«ደኅና ሰነበትሽ ልጄ? ድንጋዮችሽ እንዴት ሆኑ?»

«ደኅና ናቸው።»

«ያን ለታ እኮ ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር። እርጥብ ነገር በላስቲክ ታፍኖ! ይሻግታል ብዬ ፈታሁና ምድጃው ዳር በሰፌድ አሰጣሁልሽ። ሳገላብጥ ውዬ ልትመጪ ስትይ መልሼ ቋጠርሁልሽ። ዘሬን እንኳ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።»

አቶ ወሰኔ ሜትሩን ከቦርሳው እያወጣ ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎን ነበር ላቦራቶሪ መቅጠር።»

«ደመወዙን ለእሷ ስጣት። እኔ እንግዳዬ እርጥብ ተሸክሞ ሲወጣ አልወድም፤ ይኸው ነው።»

አቶ ወሰኔ ሳቁን አቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ገብቶታል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። አንድ ቁጥር ብቻ አሰብሁ፤ ሠላሳ አምስት ገደማ፣ እውነተኛው። አሁን ብናገር ናሙናው ይሰረዛል፣ ቤቱ ምናልባት ይተርፋል፤ ቋጠሮውን አይቼ ዝም ማለቴም ይጻፍብኛል። ኮንትራቴ በታኅሣሥ ያልቃል።

«ፋብሪካውም ቢሆን ያደርቀዋል» አለኝ አቶ ወሰኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያዥልኝ።»

የሜትሩን ጫፍ ያዝሁ። ግድግዳው በድንጋይ የተካበ ነው፤ ማዕዘኑ ጉንጬን ነካኝ፣ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሰባት ሜትር ከሃያ» አለ።

ጻፍሁ።

«እኔ እምለው» አሉ እትዬ ለተሥላሴ። «ከሦስቱ ጉድጓድ የእኔ ለምን ተመረጠ?»

«ከሰልዎ ደረቅ ስለሆነ ነው፣ እማማ» አለ አቶ ወሰኔ።

«ደረቅ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ፣ ወደ ምድጃው ተመለከቱ። ከዚያ እሱን ትተው ወደ እኔ መጡ፤ ሜትሩን የያዝሁበትን ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔ አድርቄው ነው?»

«አይደለም፣ የመሬቱ ጠባይ ነው» አለ አቶ ወሰኔ ከወዲያ ማዶ።

እሳቸው ወደ እሱ አልዞሩም። የሚጠብቁት እኔን ነበር።

«የመሬቱ ነው፣ እትዬ» አልሁ።

ክንዴን ለቀቁኝ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ረገብ አለ። «ተመስገን። በገዛ እጄ ከሆነ ብዬ ነው እንጂ፣ እግዜር ካመጣውማ ምን ይደረጋል» አሉ። ወደ ጓሮው ዞሩ።

«በረቱንም ትለኩታላችሁ? በጎቹን ላስወጣላችሁ?»

«አዎ» አልሁ።

አስወጡልን። በረቱ አራት ሜትር ተኩል በሦስት ነበር። ጻፍሁት።