የአያ ፊልጶስ ስድብ

ይህን ያህል ዝናብ እየወረደ ስለ ሊማሊሞ ቁልቁለት አንድ ሰው እንኳ ያልጻፈው ለምንድን ነው? ሐረገወይን ቁስቋም ካለው ቢሮዋ ሆና፣ ለሾፌሮች የሠራችውን የመንገድ ወሬ ገጽ ደጋግማ ከፈተችው። ገጹ ንጹሕ ነበር። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ኖርዌይ ስትማር የለመደችውን የስድብ ማጣሪያ ባለፈው ሳምንት ከገጠመችበት ወዲህ የሰው እናት የሚያነሳ ጠፍቷል። ከተመለሰች ጀምሮ በምትሠራው ሁሉ ስትጠራጠር የኖረች ሴት፣ በዚህ ብቻ ኮርታ ነበር።

ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ምንዳዬ ነው፤ አይሱዙው ላይ ጤፍ ጭኖ ደባርቅ ደርሷል።

«እቴ፣ ገጽሽ ዝም ብሏል። ልውረድ አይደል?»

«ጉሙስ?»

«ጉም የሌለበት ሊማሊሞ የት አለ? ፈረንጅ አገር ከርመሽ ጉም ፈራሽ።»

«ትንሽ ብትቆይ ምናለ?»

«ገጹ ዝም ካለ መንገዱ ሸጋ ነው። ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽን?» ሳቀና ዘጋው።

ሐረገወይን ወደ ባልደረባዋ ዞረች። «ወንዴ፣ አያ ፊልጶስ ዛሬ ምነው ጠፉ?»

አያ ፊልጶስ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር ከማንም ቀድመው የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ።

ወንዴ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «እሳቸው ሳይሳደቡ መጻፍ ይችላሉ እንዴ? ነግሬሽ ነበር። ሾፌር የሚሰድበው የሚያስብለትን ነው። በጨዋ ቃል ብትነግሪው የምር አይመስለውም።»

ሐረገወይን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ማጣሪያው የያዘውን መልእክት ለማንም አያሳይም፤ ላኪው ግን የተለጠፈ ይመስለዋል። ተሳዳቢ ተናዶ እንዳይብስበት ብላ እንዲያ ያደረገችው ራሷ ናት። የተደበቁትን ከፈተች።

አያ ፊልጶስ ከማለዳ ጀምረው ሲጮኹ ውለዋል። «እናንተ ደንቆሮዎች፣ ገደሉ ተንዷል። ከሁለተኛው መታጠፊያ በታች መንገድ የለም።» ቀጥሎ፦ «ምን ዓይነት አህዮች ናችሁ? እየጻፍኩላችሁ ትወርዳላችሁ?» መጨረሻው ላይ ቁጣው ልመና ሆኖ ነበር። «ልጆቼ፣ ያን ደንቆሮ ጆሯችሁን ክፈቱልኝ።»

ምንዳዬ ጋ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይቻልም።» እንደገና ደወለች፤ ያው ድምፅ። ወንዴ ደባርቅ መውጫ ያለውን ኬላ አገኘና ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ አያት።

«አሁን አለፈ አሉ።»

ማጣሪያውን አጠፋችው። የአያ ፊልጶስ ስድብ ተራ በተራ ገጹ ላይ ወጣ። ግን መሪ የያዘ ሰው ገጽ አያይም፤ ኔትወርክ ድንገት ከያዘለት ምናልባት የአጭር መልእክት ድምፅ ይሰማ ይሆናል። «ምንዳዬ፣ እባክህ» ብላ መጻፍ ጀመረችና አጠፋችው።

«አንተ ደንቆሮ፣ ቁም። መንገድ የለም። ቁም።»

ላከችው። ስልኩ መላኩን አሳየ። ከምንዳዬ ግን ምንም አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።