የጎሚስታው እጅ

ቱሳ ሊበንን የሰደበው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ ጥር ሃያ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው አሰላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የሊበን ጎሚስታ ቤት በር። ያን ጊዜ ቱሳ ገና ሐጂ አልሆነም፤ ከዲክሲስ ገብስ እየጫነ የሚያልፍ፣ ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ የሚበልጥ የሁሩታ ነጋዴ ነበር። ሊበን የጠገነለት ጎማ ኢተያ ሳይደርስ ተነፈሰበትና እየተሳደበ ተመልሶ መጣ።

"ይሄም እጅ ተብሎ!" አለ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቆ። "ቆርጠህ ለውሻ ብትሰጠው ውሻው ራሱ ያፍርበታል!"

ጎማው የተነፈሰው ሌላ ድንጋይ ወግቶት ነው። ሊበን አዲሱን ቀዳዳ በጣቱ እየጠቆመ አሳየ። ማን ሊያይለት! አሥራ አንድ ሰው ሳቀ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ሞተዋል፣ አንዱ ጮሌ ወደምትባለው ወረዳ ሄዷል፤ የቀሩትን ሰባቱን ሊበን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም የሚላቸው በከንፈሩ ብቻ ነው። ቱሳንም "አንቱ" ማለትን ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ በልቡ ከልክሎታል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለ ደብተር አልያዝክም ብሎ ከክፍል ያስወጣውን፣ በዚያው ትምህርት ያስተወውን መምህር ስም ከነሸሚዙ ቀለም ይነግርሃል። የሚስቱ ወንድም በሠርጉ ቀን "እህታችንን ለጎማ ለጣፊ ሰጠናት" ሲል ከአፉ ስንት የሩዝ ፍሬ እንደወደቀ ያውቃል። ሚስቱ ሀሊሜ፣ "የሌላው ሰው ሆድ ምግብ ነው የሚይዘው፤ ያንተ ሆድ መዝገብ ቤት ነው" ትለዋለች። ይህንንም አልረሳላትም።

በሽታው የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሳፋው ነው። ጎሚስታ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ ይነክርና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። የአሰላ ውኃ ደግሞ በጠዋት አጥንት ይሰብራል። አንድ የኅዳር ጠዋት ሊበን እጁን ከሳፋው ሲያወጣ ጣቶቹ እንደ ኖራ ነጡ፤ ቆይተው ጠቆሩ፤ ቆይተው ቀሉና ነደዱ። ብርድ ነው ብሎ ተወው። ዓመት ሳይሞላ የጣቶቹ ቆዳ ተወጥሮ እጁን መጨበጥ አቃተው። ጫፎቻቸው ላይ አልድን ያሉ ትንንሽ ቁስሎች ወጡ። ውኃውን በከሰል እያሞቀ መንከር ሲጀምር ሹፌሮቹ፣ "ሊበን ጎማ ሻይ ያጠጣል!" ብለው ሳቁበት። እነማን እንደሳቁ ያውቃል።

ቀጥሎ ፊቱ ተያዘ። የግንባሩ መስመር ጠፋ፣ አፍንጫው ሾለ፣ አፉ ጠበበ። ዳቦ መግመጥ ተስኖት ሀሊሜ በቢላ እየቆራረሰች ታቀርብለታለች። ሰው ግን ምን ይላል? "ሊበን፣ ምን እየበላህ ነው? ወጣት ሆንክ እኮ!" ሊገላምጣቸው ይሞክራል፤ ፊቱ አይታዘዝለትም። ዕድሜ ልኩን በግልምጫ ሰው ሲያሸማቅቅ የኖረ ሰው ግልምጫውን ተነጠቀ። ከቁስሉ ይልቅ ያቃጠለው ይሄ ነው።

ዶክተር ሀሴት ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ሆስፒታል ተመድባ የመጣች፣ በዕድሜ ልጁን የምታህል ሐኪም ናት። እጁን አገላብጣ አየች፣ ትንፋሹን አዳመጠች፣ የደም ግፊቱን ለካች፣ ደሙን ለምርመራ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ፣ "ስክሌሮደርማ ይባላል" አለችው።

"ሥጋ ደዌ ነው በይኝና ልገላገል።"

"አይደለም። እሱማ ቢሆን መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ይሄኛው ከሰው የያዘዎት አይደለም፤ ወደ ሰውም አይጋባም። ሰውነትዎ ጠላት የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ በራስዎ ላይ ተነሥቷል። ቆዳን የሚያያይዘው ነገር ከልክ በላይ እየተመረተ ቆዳው ይደድራል። ሳንባና ኩላሊትም ሊነካ ስለሚችል ነው ግፊትዎን ቶሎ ቶሎ የምለካው።"

ሊበን አሰበና፣ "ቀዳዳ የሌለው ጎማ ላይ ቁራጭ እየለጠፈ ነው በይኛ" አለ። "በቁራጭ ላይ ቁራጭ። መጨረሻ ላይ ጎማው አልታጠፍም ይላል።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች እንዲህ አላሳጠሩልኝም።"

"ለጣፊው ማነው?"

"እርስዎ ራስዎ።"

በሕይወቱ ሁሉ የበደለውን ሰው ለይቶ ሲያውቅ የኖረው ሊበን፣ አሁን በዳዩ ማን እንደሆነ ሲነገረው ራሱ ሆኖ ተገኘ። በማን ይቀየም?

"ይድናል?"

"ጨርሶ አይድንም፤ ግን ይዘነው እንኖራለን። ብርድ አይንካዎ። ሲጋራ አይቅረብዎ። የደም ሥር የሚከፍተውን ኪኒን አያቋርጡ። ትንፋሽ ካጠረዎ ነገ አይበሉ፣ ያኔውኑ ይምጡ። ቤተሰብም ይወቅ፤ ብቻዎን አይችሉትም።"

ሁሉንም እሺ አለ፤ የመጨረሻውን ግን ከሀሊሜ አላሳለፈም። እሷንም አስምሎ አፏን ዘጋ። የአገሩን ሰው ያውቀዋላ! ቁስል ያየ ሰው ሐኪም አይጠይቅም፤ ስም ነው የሚያወጣው። ጓንት አጠለቀ፣ ጋቢ ደረበ።

አንድ ልጅ አለችው፣ ኢስራ። ሁሩታ ሒሳብ ታስተምራለች። እዚያው ኦብሳ ከሚባል የእርሻ ባለሙያ ጋር ተዋደዱና ልጁ ሽማግሌ ላከ። የኦብሳ አባት በሕይወት ስለሌለ ሽማግሌዎቹን የመራው አጎቱ ነው። አጎቱ ማን ይሁን? ቱሳ። ሐጂ ቱሳ!

በእነሱ ወግ የልጅቱ አባት መጀመሪያ ቀን "ልምከርበት" ይላል፤ ሁለተኛ ቀን "ዘመድ አልተሟላም" ይላል፤ በሦስተኛው ተነሥቶ የሽማግሌዎቹን አለቃ እጅ ይጨብጣል። የጨበጠ ሰጠ ነው። ቃል የሚከተለው ከእጅ በኋላ ነው። ሊበን ሁለቱን ቀን እንደ ወጉ ተወጣው። ልጁን ሊሰጥ ወስኗል፤ ኦብሳንም ወዶታል።

ሦስተኛው ቀን የታኅሣሥ እሑድ ጠዋት ነበር። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ግቢውን በውርጭ አልብሶታል። ሐጂ ቱሳ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ሊበን በጋቢው ውስጥ የገዛ ጣቶቹን ዳሰሰ፤ ደንዝዘዋል፤ የመሐል ጣቱ ቁስል ጓንቱን አርሶታል። ይህን እጅ አራት ሽማግሌ ፊት ማውጣት! ደግሞ ለማን? ለውሻ ስጠው ላለው ሰው! ውስጡ ስጥ ስጥ እያለው እጁ ከጋቢው አልወጣም። ሰው ሁሉ ጠበቀ። የቱሳ እጅ አየር ላይ ቆይቶ ቆይቶ ወረደ።

"ፊቱን እዩልኝ!" አለ ቱሳ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። "ሦስት ጊዜ አመላልሶን ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። ንቆን ነው። ተነሡ፣ እንሂድ!"

ሊበን "ቆዩ" ሊል አፉን እስኪያላቅቅ ግቢውን ለቀው ወጥተዋል።

ኢስራ ከጓዳ ወጥታ ፊቱ ቆመች። "አባ፣ ምን አድርጌህ ነው?"

"አንቺ ምንም አላደረግሽኝ።"

"ታዲያ እጅህን ምን ያዘው?"

መልሱን አልጠበቀችም። ጋቢውን ገልጣ ጓንቱን ሳበችው። አየች። የሚጮኸው ድምፅዋ ወረደ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ዓመት።"

"እማ ታውቃለች?"

"አስምሎኝ ነው ልጄ" አለች ሀሊሜ ከበሩ ሥር፣ እያለቀሰች።

"ሦስት ዓመት!" ኢስራ መልሳ ጮኸች። "የሰደበህን ሰው ሁሉ ስም ከነቀኑ ስትነግረኝ ይሄን የምትነግርበት ጊዜ አጣህ? ሰዎቹ ናቀን ብለው ሄዱ። ሐጂ ቱሳን አታውቀውም? ለኦብሳ ዲክሲስ ያየለት ልጅ አለች፤ ዓርብ እዚያ ሽማግሌ ይልካል። ሁሩታ ሂድና ይሄን እጅ አሳያቸው!"

"ለቱሳ? እኔ ለቱሳ እጄን ላሳይ? ያ ሰው በሁለት ሺህ ስድስት፣ ጥር ሃያ ቀን..."

"አውቃለሁ! ማክሰኞ ነበር! አራት ሰዓት ነበር! ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው አባ፤ አሁን ሃያ አራት ሞላኝ። እዚህ ቤት ማክሰኞ የሚያልፈው መቼ ነው?"

ሐሙስ ዕለት ሊበን ሁሩታ ወረደ።

ሐጂ ቱሳ ከእህል መጋዘኑ በር ላይ፣ ከአራቱ ሽማግሌዎች ከሁለቱ ጋር የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ሊበን "አሰላሙ አለይኩም" አለ። "ወአለይኩም ሰላም" አሉት፤ ተቀመጥ ያለው ግን የለም። ቆሞ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። ጣቱ ስለማይታጠፍ አንዱን ለማውለቅ ብቻ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ እነሱም እንደ ትርኢት አዩት። ከዚያ ሁለቱንም እጁን ዘረጋው።

"ያን ዕለት ጋቢዬ ሥር የነበረው ይሄ ነው" አለ። "ልጄን አልከለከልኳችሁም።"

ነገሩን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው፤ የበሽታው ስም በሁለቱም የለምና ቀዳዳ ስለሌለው ጎማ ነገራቸው። አንደኛው ሽማግሌ በተቀመጠበት ወደ ኋላ ሸርተት አለ።

"ይጋባል?"

"አይጋባም።"

"ለልጅስ? ነገ የልጅ ልጅ ሲመጣ?"

"ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። እንደ መሬት ከአባት ለልጅ የሚወረስ አይደለም ብላኛለች።"

"ፊትህስ?" አለ ሐጂ ቱሳ።

"ፊቴም እሱው ነው። ስስቅም ይኸው ነው፣ ሳዝንም ይኸው።"

"ስትናደድስ?"

"አሁን ተናድጃለሁ።"

ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ንዴቱን ፊቱ ላይ ፈለጉት። አላገኙትም። ሐጂ ቱሳ በሳቅ ፈነዳ።

ሊበን ለኢስራ ሲል ያንን የከለከለውን አክብሮት ከጉሮሮው ጎትቶ አወጣ። "ሐጂ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ጎሚስታዬ በር ላይ ያሉኝን ያስታውሳሉ?"

"እኔ? ላንተ?" ቱሳ ከልቡ ግራ ገባው። "ያልቆምኩበት የጎሚስታ በር አለ እንዴ! መቼ ተዋውቀን?"

ሊበን አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመውን፣ ሰውየው የዚያኑ ዕለት ምሳ ሳይበላ ነበር የጣለው! ቢክድ ይሻል ነበር። ቢክድ ይጨቃጨቁ ነበር። ረስቶታል!

ቱሳ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ሊበን ሰጠው። ቱሳ ጆንያ እንደሚያነሣ ሰው ጨመቀው፤ ቁስሉ ተከፈተ። ሊበን አልሳበም።

"ሰጥተሃል?"

"ሰጥቻለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሽማግሌዎቹ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ኒካው ከዒዱ በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። የኢስራ ነገር አለቀ። ሊበን ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

ያኔ ነው ሐጂ ቱሳ ጉሮሮውን የጠረገው። "ኦቦ ሊበን፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሠርጉ ዕለት ከኋላ ብትቀመጥ ምን ይመስልሃል? ቪዲዮ የሚቀርጹ ልጆች አሉ፤ ያየ ሰው የሙሽራዋ አባት ለሠርግ ነው ለቀብር የመጣው እንዳይለን! ጓንትህንም እንዳታወልቅ፤ እንግዳው ምግቡን ይጸየፋል።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነው። ሌላው አላፈነም። ከውስጥ ጆንያ የሚደረድረው ተሸካሚም ሳቀ። ሦስት።

ሊበን መልስ ነበረው። አንድ አይደለም፣ ሦስት መልስ ነበረው። አንደኛው ቱሳ ሐጂ ከመሆኑ በፊት ገብስ ላይ ውኃ እየረጨ ሚዛን ያከብድ ስለነበረበት ዘመን ነው። ሁለተኛው ከዚያ የከፋ ነው። ሦስተኛው አንዲት ቃል ናት፤ እሷ ከወጣች ሠርግ የለም፣ ዝምድና የለም፣ ኢስራም የአባቷን በር ዳግም አትረግጥም። ቃሏ ከደረቱ ተነሥታ እንደ ቃር እያቃጠለች ጉሮሮው ድረስ መጣች። ዋጣት። ከመድኃኒቱ ሁሉ እንደሷ የመረረ አልዋጠም።

የመጨረሻውን ጣት አጠለቀ። ጋቢውን አጣፋና ከመጋዘኑ በር ወደ አስፋልቱ አቀና።

"ኦቦ ሊበን!" ሐጂ ቱሳ ከኋላው ተጣራ። "ኧረ ቀልዴን ነው! ተቀየምክ እንዴ? አንተ ሰው፣ አናግረኝ እንጂ!"

ሊበን አልዞረም። መንገዱን ይዞ ሄደ።